ሁለት ፍሪሲዮን ወይስ አንድ?
ስለ ስፖርት አውቶሞቢሎች ካምቢዮና ስለ ምሥራቅ ጎጃም መንገድ

አንድ ዕቃ መልካም ነው ወይም አይደለም ተብሎ የሚፈረድበት ከፋብሪካው በር ሲወጣ በሚያሳየው ውበት ብቻ አይደለም። ከወደብ ወርዶ፣ ተራራና ሸለቆ አቋርጦ ገዢው ከሚኖርበት ስፍራ ሲደርስ፣ እዚያም በተበላሸ ጊዜ የሚያበጀው ሰውና የሚተካለት ዕቃ መገኘቱ አብሮ ይመዘናል። ይህ እውነት ለልብስ ስፌት መኪናም ለወፍጮም ያገለግላል፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚጸናው ግን በአውቶሞቢልና በመለዋወጫ ነጋዴ ላይ ነው።

በትልልቁ ዓለም የስፖርት አውቶሞቢል ንግድ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ አንድ ክርክር አለ። ክርክሩም፣ ሾፌሩ በእግሩ ፍሪሲዮን እየረገጠ በእጁ ማርሽ የሚያስገባበት የቀድሞው ካምቢዮ ይሻላል፣ ወይስ ሁለት ፍሪሲዮን ይዞ ማርሹን ራሱ የሚለዋውጠው አዲሱ ካምቢዮ የሚል ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የባለጸጎች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ከክርክሩ ውስጥ የሚወጣው ትምህርት ለአስመጪውም፣ ለመለዋወጫ ሻጩም፣ በግንደወይን ገበያ ለተቀመጠው ባለሱቅም የሚጠቅም ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ መመልከት ይገባል።

ግንደወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። የምትገኘውም ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ነው። የአካባቢው ጤፍ፣ ስንዴና ባቄላ ወደ አዲስ አበባ ይወርድባታል፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ጨርቃ ጨርቅና የቤት ክዳን ቆርቆሮ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይመጣላታል። ይህ ሁሉ ዕቃ የሚያልፈው በዓባይ ሸለቆ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መኪናው በመጀመሪያ ከሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በዚህ አገር ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚፈተኑበት ሸንጎ ይህ ሸለቆ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የካምቢዮ ሥራ

ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ ገብተው በሾፌሩና በመካኒኩ አፍ አማርኛ ሆነው ቀርተዋል። ፍሪሲዮን የሞተሩን ኃይል ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝና የሚለይ መሣሪያ ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ሞተሩና ካምቢዮው ይለያያሉ፤ ማርሹን ከለወጠ በኋላ እግሩን ቀስ ብሎ ሲያነሣ የፍሪሲዮኑ ሸራ በመፋተግ ኃይሉን ያስተላልፋል። በዚህ መካከል፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ ኃይል ወደ ጎማው አይደርስም። ለጭነት መኪና ይህች ጊዜ ብዙም አታስጨንቅም። በውድድር ሜዳ ላይ ግን የሴኮንድ ሽራፊ እንኳ ትቆጠራለች።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የታሰበው ዘዴ ሁለት ፍሪሲዮኖችን በአንድ ካምቢዮ ላይ መግጠም ነው። አንዱ ፍሪሲዮን ለ1ኛ፣ ለ3ኛና ለ5ኛ ማርሽ፣ ሁለተኛው ደግሞ ለ2ኛ፣ ለ4ኛና ለ6ኛ ማርሽ ያገለግላል። መኪናው በ3ኛ ማርሽ ሲሄድ 4ኛው ማርሽ አስቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል። የመለወጫው ጊዜ ሲደርስ አንዱ ፍሪሲዮን ይለቅቃል፣ ሌላው በዚያው ቅጽበት ይይዛል። ይህን ሁሉ የሚያዝዘው ኮምፒዩተር ነው፤ ሾፌሩ የሚረግጠው የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አዶልፍ ኬግሬስ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ፣ ቀድሞ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ ኒኮላስ የመኪና ቤት ኃላፊ የነበረው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ይህን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በ1980ዎቹ የፖርሼ ኩባንያ በውድድር አውቶሞቢሎቹ ላይ ሞከረው። ለሕዝብ በሚሸጥ አውቶሞቢል ላይ በብዛት ተገጥሞ የወጣው ግን በ2003 በፎልክስዋገን ጎልፍ አር 32 ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ቡጋቲ ቬሮን በ2005፣ ኒሳን ጂቲ አር በ2007፣ የፖርሼ 911 እና ፌራሪ ካሊፎርኒያ በ2008 ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። በ2019 ለሕዝብ የታየው አዲሱ የአሜሪካ ኮርቬት የእጅ ማርሹን ፈጽሞ ትቶ በባለ ሁለት ፍሪሲዮን ብቻ ቀረበ።

ሰዓቱ የፈረደውና ገዢው የፈረደው

በፍጥነት በኩል ፍርዱ ተቆርጧል። በ2021 የወጣው የፖርሼ 911 ጂቲ 3 ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመድረስ በባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ካምቢዮ 3.4 ሴኮንድ ሲፈጅበት፣ በእጅ ማርሹ 3.9 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ሞተሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ካምቢዮው ነው። ከዚህ በኋላ የእጅ ማርሽ የሚፈልግ ማን ይኖራል ብሎ መጠየቅ የሚገባ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ገበያው እንደ ሰዓቱ አልፈረደም። ፖርሼ በ2013 የወጣውን ጂቲ 3 በባለ ሁለት ፍሪሲዮን ብቻ እንዲሸጥ አድርጎ ነበር። የቆዩ ደንበኞቹ ግን አጉረመረሙ፤ ማርሹን በእጃቸው ማስገባትን የደስታቸው ምክንያት አድርገው ይቈጥሩት ነበርና። ኩባንያው በ2016 ባለ እጅ ማርሹን 911 አር በ991 ብቻ ቁጥር ሠርቶ ቢያወጣ፣ ዋጋው ከፋብሪካው ተመን በብዙ ልቆ ሲሸጥ ታየ። በ2017 ደግሞ የእጅ ማርሹ ወደ ጂቲ 3 በገዢው ምርጫ ተመለሰ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ፋብሪካ በሴኮንድ ይለካል፤ ገዢ ግን በራሱ ሚዛን ይመዝናል። የገዢውን ሚዛን ሳያውቅ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ፣ ዕቃው ምንም ያህል ቢያምር፣ መጋዘኑን ሞልቶ ይቀመጣል።

የአውሮፓው ባለጸጋ ሚዛን ደስታ ነው። የግንደወይኑ ባለሱቅ ሚዛን ምንድን ነው? መልሱን የሚሰጠው መንገዱ ነው።

ዳገቱና ሙቀቱ

ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ በሁለት ዓይነት ይሠራል። አንዱ ፍሪሲዮኖቹ በዘይት ውስጥ እየታጠቡ የሚሠሩበት ነው፤ ዘይቱ ሙቀቱን ይወስድለታል። ሁለተኛው ደረቅ ነው፤ እንደ ተራው የእጅ ማርሽ ፍሪሲዮን በአየር ብቻ ይበርዳል። ደረቁ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ነዳጅም የሚቆጥብ ስለ ሆነ በትንንሽ አውቶሞቢሎች ላይ ይበዛል።

እንግዲህ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣ አንድ አውቶሞቢል ይታሰብ። ፊት ለፊቱ እህል ወይም ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና በሰው እርምጃ ፍጥነት ይጎተታል፤ መታጠፊያው ስለሚበዛ ማለፍ አይቻልም። አውቶሞቢሉ ከ1ኛ ማርሹ ፍጥነት በታች ለመሄድ ሲገደድ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይዝም፤ ግማሽ ይዞ ግማሽ እየለቀቀ ይፋተጋል። በተለመደው አውቶማቲክ ይህን መፋተግ የሚሸከመው ዘይት ነው። በደረቁ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ግን የሚሸከመው ሸራው ብቻ ነው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፤ ቀጥሎም ኮምፒዩተሩ ራሱን ለማዳን ኃይሉን ሊያቋርጥ ይችላል። በጠባብ ዳገት መካከል ይህ የሚያመጣውን አደጋ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል።

የአየሩም ነገር ይታከልበታል። በደጋው፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህል ያጣል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ለተሞከረ መኪና ቀላል የሆነው አነሣስ በደጋ ዳገት ላይ ብዙ መፋተግን ይጠይቃል።

ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላ ምክር አለው። የእጅ ማርሽ የያዘ ሾፌር ዝቅ ባለ ማርሽ ገብቶ በሞተሩ ኃይል መኪናውን ይይዛል። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑም ቢሆን ሾፌሩ ማርሹን ራሱ መርጦ እንዲያቆየው የሚፈቅድ ቦታ አለው፤ ሳይጠቀምበት የሚቀር ግን ብዙ ነው። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሾፌር ግን ካምቢዮው የትኛውም ይሁን ፍሬኑን ያቃጥላል። ለዚህ ጥፋት መሐንዲስ የሠራው መድኃኒት የለም።

ከቻይና የመጣው ማስጠንቀቂያ

የሙቀት ነገር በወረቀት ላይ የቀረ ሥጋት እንዳይመስል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 በቻይና የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የአገሪቱ ቴሌቪዥን የገዢዎችን አቤቱታ ካሰማ በኋላ፣ ፎልክስዋገን በባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮው እክል ምክንያት 384,181 አውቶሞቢሎችን ለእድሳት ጠራ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ኩባንያው በልዩ ልዩ አገሮች ባለ ሰባት ማርሽ የሆነውን ደረቅ ዓይነት የያዙ 1.6 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች የካምቢዮ ዘይታቸው እንዲለወጥ አዘዘ። በሞቃትና እርጥበት ባለበት አገር፣ ቆም ሄድ በሚበዛበት ጉዞ፣ ቀድሞ የተሞላው ሠራሽ ዘይት በካምቢዮው ኤሌክትሪክ ላይ ችግር ሊያመጣ ስለ ቻለ በማዕድን ዘይት ተተካ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ ታላቅ ፋብሪካም ቢሆን ዕቃው በማያውቀው አየርና መንገድ ላይ እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ ሁሉን አያውቅም። ሁለተኛው፣ ጥፋቱ ሲገኝ ፋብሪካው የሚጠራው በሕጋዊ ወኪሉ በኩል የተሸጠውንና በመዝገቡ ያለውን መኪና ነው። በሦስተኛ አገር ተገዝቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውሮ ለሚገባ መኪና ጥሪው አይደርሰውም። ዕዳው በገዢው ላይ፣ ስሙም በአስመጪው ላይ ይቀራል።

የግንደወይኑ ሒሳብ

የእጅ ማርሽ ፍሪሲዮን ሲያልቅ ነገሩ የታወቀ ነው። መካኒኩ ካምቢዮውን ያወርዳል፤ ሸራውንና ኩሽኔታውን ይለውጣል፤ መልሶ ይገጥማል። ለብዙ ጊዜ በአገር ውስጥ በሠራ የአይሱዙ ወይም የቶዮታ መኪና ላይ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው በአውራ መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች አይታጣም። ባትሪው የደከመ መኪና እንኳ ተገፍቶ ይነሣል።

ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ እንዲህ አይደለም። ሁለቱ ፍሪሲዮኖች በአንድነት የሚለወጡ ናቸው፤ ለማውጣትም ለመግጠምም ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ከተገጠመም በኋላ ኮምፒዩተሩ አዲሱን ፍሪሲዮን እንዲለምድ ተገቢው የመመርመሪያ መሣሪያ ሊታዘዝለት ይገባል። በግፊ አይነሣም፤ የሚነዳው ጎማ መሬት እየነካ ረጅም መንገድ ቢጎተትም ይጎዳል። ስለዚህ ግንደወይን ላይ የቆመ እንዲህ ያለ መኪና በሌላ መኪና ተጭኖ ያንኑ የዓባይ ሸለቆ አቋርጦ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ይገደዳል።

ባለሱቁ ሊያሰላው የሚገባው ሒሳብ ከዚህ ይጀምራል። የመለዋወጫው ዋጋ አንደኛው መስመር ብቻ ነው። ሁለተኛው መስመር የማስጫኛው ኪራይ ነው። ሦስተኛው መኪናው የቆመባቸው ቀናት ናቸው፤ በእነዚያ ቀናት ያመለጠው የገበያ ቀን፣ በውል ቀን ያልደረሰው እህል፣ በምትኩ የተከራየው መኪና ሁሉ ይገባሉ። አራተኛው መስመር መኪናው በብድር የተገዛ እንደ ሆነ ሳይሠራ የሚቆጠረው ወለድ ነው። እነዚህ አራቱ ተደምረው ሲታዩ፣ በግዢ ቀን ርካሽ የመሰለው መኪና ውድ ሆኖ ይገኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው እንዲህ ላለው ንብረት ነው።

ፍርዱ አንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን

ይሁን እንጂ የእጅ ማርሽ ሁሉ መልካም፣ አውቶማቲክ ሁሉ ክፉ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። እግሩን ከፍሪሲዮን ፔዳል ላይ የማያነሣ፣ በዳገት ላይ መኪናውን በፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን ይዞ የሚቆም ሾፌር በጥቂት ጊዜ ሸራ ይጨርሳል። ኮምፒዩተር ግን አይደክምም፣ አይቸኩልም። የስዊድኑ ቮልቮ ኮምፒዩተር ማርሹን የሚለውጥለትን አይ ሺፍት የተባለ የከባድ መኪና ካምቢዮ በ2001 አቅርቦ በሰፊው ሸጧል። በ2014 ደግሞ ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑን በተከታታይ ለሚመረቱ ከባድ መኪናዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣ። የተጫነ መኪና ዳገት ላይ ማርሽ ሲለውጥ ኃይሉ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ማድረግ ለስፖርት አውቶሞቢል ከሚሰጠው ጥቅም የሚበልጥ ጥቅም አለው። ስለዚህ መሣሪያው ራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ዘይቱን፣ መለዋወጫውን፣ የመመርመሪያ መሣሪያውንና የሠለጠነውን መካኒክ ወደ ኋላ ትቶ መሣሪያውን ብቻ ማምጣት ነው።

ሕጉ ያመጣው ለውጥ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ይህን ክርክር ወደ ሌላ ምዕራፍ አሻግሮታል። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች የሚለወጥ ማርሽ የላቸውም፤ ኃይሉን የሚያስተላልፈው አንድ የማይለዋወጥ የጥርስ ቅንብር ነው። ፍሪሲዮን የሚባል ነገር ስለሌለ የሚያልቅ ሸራም የለም። በቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ነገር ግን ባትሪውን ጎሐ ጽዮን ላይ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ወደ ዓባይ የሚወርድ ሾፌር ይህን ጥቅም በሙሉ እንደማያገኝ ማወቅ አለበት፤ የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል አይቀበልምና።

ይህም ሆኖ የካምቢዮው ጉዳይ አላለቀም። አስቀድሞ የገቡት አውቶሞቢሎች ገና ለብዙ ዓመታት በመንገድ ላይ ይቆያሉ፤ የጭነት መኪናውና ሚኒባሱም በማርሽ ይሠራሉ። አዲስ መኪና የማይገባለት ገዢ ያለውን መጠገን ስለሚመርጥ፣ የመለዋወጫ ንግዱ ይሰፋ እንደ ሆነ እንጂ አይጠብም። በኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው፤ ካምቢዮ በሚለው ፈንታ ባትሪና ኢንቨርተር የሚሉ ቃላት ይገባሉ እንጂ፣ «ግንደወይን ላይ ቢቆም ማን ያነሣዋል?» የሚለው ጥያቄ አይለወጥም።

ለነጋዴው የሚጠቅም ምክር

አስመጪው ተሽከርካሪም ሆነ መለዋወጫ ከማዘዙ በፊት የካምቢዮውን ዓይነት፣ ደረቅ ወይም በዘይት የሚሠራ መሆኑን፣ የሚስማማውንም የዘይት ዓይነት በጽሑፍ ይጠይቅ። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ወይም የሚሸጥ ነጋዴ በሻንሲ ቁጥሩ አማካይነት ፋብሪካው ለእድሳት ጠርቶት እንደ ሆነ፣ ጥሪውም ተፈጽሞለት እንደ ሆነ ያረጋግጥ። የመለዋወጫ ባለሱቅ የአንዱን ካምቢዮ ዘይት በሌላው ውስጥ ማስገባት ካምቢዮውን እንደሚገድል አውቆ፣ ስሙ በጣሳው ላይ ተጽፎ ያላየውን ዘይት ለደንበኛው አይስጥ። እህል ላኪውና አጓጓዡ ደግሞ መኪና ሲመርጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት የሻጩን ሳይሆን በመንገዳቸው ላይ ያለውን መካኒክ ይሁን፤ የማርሹን ብዛት ሳይሆን የሸራውንና የኩሽኔታውን መገኛ ያስቀድሙ።

የስፖርት አውቶሞቢል ገዢ በግማሽ ሴኮንድ ቢቀደም የሚያጣው ክብር ብቻ ነው። በግንደወይን ያለ ነጋዴ ግን መኪናው ለአሥር ቀን ቢቆም የዓመት ትርፉን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ከሁለቱ ካምቢዮዎች የሚሻለው፣ ገዢው በሚኖርበት ስፍራ መጠገን የሚቻለው ነው። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑንም ቢሆን ከነዘይቱ፣ ከነመለዋወጫውና ከነመካኒኩ እስከ ቢቸናና እስከ ሞጣ የሚያደርሰው አስመጪ ከተገኘ፣ ገበያው ሳያመነታ ይቀበለዋል።